የአይሮፕላን ጩኸትና የጎረቤት እንቅልፍ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጕዳይ በየቀኑ በጆሯችን የምንሰማው፥ ነገር ግን እንደ ዝናብና እንደ ነጐድጓድ ከሰማይ የታዘዘ ስለሚመስለን ብዙ ጊዜ የማንነጋገርበት ነው፤ ይኸውም የአይሮፕላን ጩኸት ነው። አይሮፕላን ሩቁን አገር አቅርቦ፥ የተለያዩትን ዘመዳሞች አገናኝቶ፥ ንግድን አስፋፍቶ ለሰው ልጅ የዋለውን ውለታ የሚክድ የለም። እኔም ልወቅሰው አልተነሣሁም። ሆኖም ጥቅሙና ጕዳቱ በአንድ ሰው ላይ አይወድቁም። ጥቅሙን የሚያገኘው በወንበሩ ተቀምጦ የሚሄደው መንገደኛ ነው፤ ጩኸቱን የሚቀበለው ግን ትኬት ያልቈረጠው፥ በመንደርደሪያው ሜዳ ጫፍ ቤት ሠርቶ የሚኖረው ጎረቤት ከሕፃን ልጁና ከታመመች እናቱ ጋር ነው። እንግዲህ ሁለቱ እንዴት ተቻችለው ይኑሩ? የንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው።

ይህ ጥያቄ ከሰባ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረበት አንድ ቦታ አለ፤ ይኸውም ከለንደን ከተማ መካከል በስተ ምዕራብ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሂዝሮው አይሮፕላን ማረፊያ ነው። እዚያ የተፈጸመውን ስሕተትም ሆነ የተገኘውን መድኀኒት መመልከት ለማናቸውም ከተማ ትምህርት ስለሚሆን፥ ንግግሬን በእርሱ ላይ እመሠርታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ሂዝሮው ለመንገደኞች አገልግሎት የተከፈተው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ በ1946 ነው። ከዚያ በፊት ቦታው አትክልት የሚበቅልበት የእርሻ አገር ነበር። አይሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋስ ማዞር አለበት፤ በለንደን አካባቢ ደግሞ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ ከዓመቱ ቀኖች ከአሥሩ ሰባቱን ያህል፥ የሚያርፉት አይሮፕላኖች ከምሥራቅ መጥተው በዚያ ትልቅ ከተማ ጣራ ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። የማረፊያው ቦታ በተመረጠ ቀን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የጩኸቱ ዕጣ አብሮ ወጣለት ማለት ይቻላል።

አቤቱታው የተጀመረው ገና በማራገቢያ በሚበሩት አይሮፕላኖች ዘመን ነው። ከሰሜናዊው መንደርደሪያ በስተ ምሥራቅ ጫፍ አጠገብ ክራንፎርድ የምትባል መንደር አለች። በ1952 የመንግሥት ሹማምንት ለነዋሪዎቿ፥ በተቻለ መጠን በዚያ መንደርደሪያ ወደ ምሥራቅ የሚነሣ አይሮፕላን እንደማይኖር በቃል ተስፋ ሰጧቸው። የክራንፎርድ ሰዎች ዕረፍት አገኙ። ነገር ግን ጩኸቱ አልጠፋም፤ ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛወረ እንጂ። በ2009 መንግሥት ያ የቃል ስምምነት እንዲቀር የወሰነው ሸክሙ ለሁሉም በትክክል እንዲከፋፈል ነው በሚል ምክንያት ነበር። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ ከአንዱ ጣራ ላይ ያነሡት ጩኸት በሌላው ጣራ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም በግልጥ ሊታወቅ ይገባል።

በጥቅምት ወር 1958 ኮሜት 4 የተባለው የእንግሊዝ ጄት አይሮፕላን መንገደኞችን ጭኖ በለንደንና በኒው ዮርክ መካከል መመላለስ ጀመረ። ጄቱ ፍጥነትን ይዞ መጣ፤ ከፍጥነቱም ጋር ጆሮ ያልለመደውን ጩኸት ይዞ መጣ። ከ1959 ጀምሮ ከሂዝሮው ለሚነሡ አይሮፕላኖች የጩኸት ወሰን ተደረገላቸው፤ ጩኸታቸውም በመሣሪያ ይለካ ጀመር።

አሁን ልኩ ራሱ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። የድምፅ መለኪያ ዴሲቤል ይባላል። ዴሲቤል እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ በቀጥታ የሚደመር አይደለም። በ10 ዴሲቤል የጨመረ ድምፅ ጕልበቱ ዐሥር ዕጥፍ ይሆናል፤ የሰው ጆሮ ግን ሁለት ዕጥፍ ያህል ከፍ እንዳለ አድርጎ ይሰማዋል። ሁለት እኩል የሚጮኹ አይሮፕላኖች አብረው ቢያልፉ ልኩ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት ዕጥፍ ሲሆን ደግሞ ልኩ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ አንድ ሰው ወሰኑ በ3 ዴሲቤል ዝቅ አለ ሲል ነገሩ እንደ ተራ ቍጥር ታይቶ ሊናቅ አይገባም፤ የድምፁ ጕልበት በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነውና።

መሣሪያው የድምፁን ብርታት ሊነግረን ይችላል፤ የሰውን ምሬት ግን አይነግረንም። ይህን ለማወቅ በ1961 ከሂዝሮው ዙሪያ በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ከሚኖሩት መካከል ከ1,700 የሚበልጡ ሰዎች በየቤታቸው ተጠየቁ። በሰር አለን ዊልሰን ሊቀ መንበርነት የተመራውና የጩኸትን ጕዳይ እንዲመረምር የተቋቋመው ኰሚቴ በ1963 ባወጣው ሪፖርት፥ የሰው ምሬት በሁለት ነገሮች እንደሚመዘን አስታወቀ። አንደኛው እያንዳንዱ አይሮፕላን የሚያሰማው ድምፅ ብርታት ነው፤ ሁለተኛው በቀን ውስጥ የሚያልፉት አይሮፕላኖች ብዛት ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚያሳይ አንድ መለኪያ ተሠራ፤ በዚያም መለኪያ የአይሮፕላኖቹ ቍጥር ዕጥፍ ሲሆን ልኩ በ4.5 ነጥብ ከፍ ይል ነበር።

ይህ መለኪያ እስከ 1990 ድረስ አገለገለ። ከዚያ በኋላ የአሥራ ስድስት ሰዓቱ የቀን ድምፅ ተደምሮ በአማካይ የሚሰላበት ሌላ መለኪያ ተተካ፤ ሰው በብዛት መማረር የሚጀምርበት ልክም 57 ዴሲቤል ተባለ። ሆኖም በ2014 በእንግሊዝ አገር ሕዝቡ እንደ ገና ሲጠየቅ፥ ቀድሞ በ57 ዴሲቤል ይማረሩ የነበሩት ያህል ሰዎች አሁን በ54 ዴሲቤል የሚማረሩ ሆነው ተገኙ። የሰው ትዕግሥት በመዝገብ ላይ ተጽፎ እንደ ድንጋይ የሚጸና ነገር ስላልሆነ፥ የሚለካው ሁሉ ደጋግሞ ሕዝቡን መጠየቅ እንዳለበት ይህ ያስረዳል። አማካይ ልክም ቢሆን የራሱ ጕድለት አለው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጊዜ ጮኾ ያለፈ አይሮፕላን በአማካዩ ውስጥ እምብዛም አይታይም፤ ከእንቅልፉ የባነነው ሰው ግን እስኪነጋ ድረስ ያስበዋል።

ወደ አጠባበቁ ሥራ ልመለስ። በዛሬው ጊዜ በሂዝሮው ዙሪያ በምሰሶ ላይ የተተከሉ የድምፅ መቀበያዎች ሌትና ቀን ይሠራሉ። ለሚነሡ አይሮፕላኖች የተወሰነው የመለኪያ ቦታ መንደርደር ከጀመሩበት 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ ነው። የተመዘገበው ድምፅ ከራዳር መዝገብ ጋር ስለሚነጻጸር፥ የየትኛው አይሮፕላን ጩኸት እንደ ሆነ፥ በምን ከፍታና በየት መስመር እንዳለፈ ይታወቃል። በ2001 ወሰኑ ለቀን 94፥ ለሌሊት 87 ዴሲቤል ሆኖ ከቀድሞው ዝቅ ተደረገ። ከወሰኑ አልፎ የተገኘው አይሮፕላን ባለቤት መቀጫ ይከፍላል፤ ገንዘቡም በማረፊያው ዙሪያ ላሉ ሰዎች በጎ ሥራ ይውላል። መዝገቡም ተቈልፎ አይቀመጥም፤ ነዋሪው በቤቱ ሆኖ ከራሱ በላይ ያለፈውን አይሮፕላን መስመርና ልክ ማየት ይችላል። ዐቤት የሚለው ሰው በማስረጃ፥ መልስ የሚሰጠውም ሹም በማስረጃ ይነጋገራሉ ማለት ነው።

ነገር ግን አድማጮቼ ሆይ፥ ትኵሳትን መለካት በሽታውን እንደማያድን ሁሉ ድምፅን መለካትም ብቻውን ጩኸትን አይቀንስም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2001 አራት የመቀነሻ መንገዶች እንዳሉ ገልጦ፥ አገሮች ሁሉ አመዛዝነው እንዲጠቀሙባቸው አሳሰበ። እነርሱም ጩኸቱን ከምንጩ ከሞተሩ መቀነስ፥ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን መሬት በሥርዐት መያዝ፥ የአነሣስና የአስተራረፍ ዘዴን ማሻሻል፥ በመጨረሻም በረራውን በሰዓትና በቍጥር መወሰን ናቸው።

ስለ ሞተሩ እንነጋገር። ሰር ጄምስ ላይትሂል የተባሉ የእንግሊዝ ሊቅ በ1952፥ ከጄት ሞተር የሚወጣው አየር የሚያሰማው ድምፅ ጕልበት ከፍጥነቱ ጋር በስምንተኛ ደረጃ እንደሚያድግ በሒሳብ አስረዱ። ይህ ማለት የሚወጣው አየር ፍጥነት በግማሽ ቢቀነስ የድምፁ ጕልበት ከ256 እጅ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል ማለት ነው። መሐንዲሶችም ከዚህ በኋላ ጥቂት አየር በብዙ ፍጥነት በሚወረውረው ሞተር ፈንታ፥ በፊት ለፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ያለውንና ብዙ አየር በዝግታ የሚገፋውን ሞተር እያሻሻሉ ሠሩ። ይህ ሞተር ነዳጅም ስለሚቈጥብ የባለ አየር መንገዱን ኪስና የጎረቤቱን ጆሮ አስታረቀ። በ1970 ሥራ የጀመረው ቦይንግ 747 በእንዲህ ያሉ ትልልቅ ሞተሮች የሚበር ነበር።

ጥሩ ሞተር መኖሩ ግን ሁሉም እንዲገዛው አያስገድድም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ ድርጅት በ1971 የመጀመሪያውን የአይሮፕላን ጩኸት ደንብ አወጣ። አዲስ ዓይነት አይሮፕላን ከመንደርደሪያው ጐን፥ ከመነሻው 6.5 ኪሎ ሜትር ላይ፥ ሲያርፍም ከመንደርደሪያው መግቢያ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ድምፁ ተለክቶ ፈቃድ እንዲያገኝ ተደረገ። ደንቡም በየጊዜው እየጠበቀ ሄደ። በዚህ ምክንያት የዛሬው አይሮፕላን ከመጀመሪያዎቹ ጄቶች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጸጥተኛ ነው።

ስለ አነሣሱና ስለ አስተራረፉ ደግሞ አብራሪው የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ። የሚያርፈው አይሮፕላን በደረጃ እንደሚወርድ ሰው እያረፈ በዝቅታ ከመብረር ይልቅ፥ በአንድ ወጥ ቍልቍለት ቢወርድ ሞተሩን እያስጮኸ ከፍታውን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ከመንደሮችም በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍ ብሎ ይቈያል። በሂዝሮው ሁለት መንደርደሪያዎች ስላሉ፥ ነፋሱ ከምዕራብ ሲሆን አይሮፕላኖቹ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በአንደኛው፥ ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ያርፋሉ። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ መንደር ከቀኑ እኩሌታ ዕረፍት ያገኛል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ዕረፍቱ መቼ እንደሚመጣ ሰዉ አስቀድሞ ማወቁ ነው።

አራተኛው መንገድ በረራውን መወሰን ነው። በ2001 አምስተኛው የመንገደኞች ሕንፃ እንዲሠራ ሲፈቀድ፥ ማረፊያው በዓመት ከ480,000 በላይ መነሣትና ማረፍ እንዳያስተናግድ ቅድመ ግዴታ ገባ። ለሌሊቱም ከ1993 ጀምሮ አንድ ብልሃት ተገኘ። እያንዳንዱ የአይሮፕላን ዓይነት እንደ ጩኸቱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ነጥቡ ዕጥፍ ይሆናል። ለየወቅቱ የተመደበው ነጥብ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ባለ ብዙ ጩኸቱን አይሮፕላን የሚያመጣ ሰው ድርሻውን ቶሎ ይጨርሳል። ከዚህም ጋር በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በረራ ለብዙ ዓመታት በዓመት በ5,800 ተወስኖ ኖሯል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ክርክሩ አላበቃም። በሂዝሮው አጠገብ የኖሩ ስምንት ሰዎች የሌሊቱ በረራ እንቅልፍ ነሣን ብለው መንግሥታቸውን በስትራስቡርግ በሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ2001 ተፈረደላቸው። በ2003 ግን ታላቁ ችሎት ጕዳዩን እንደ ገና ተመልክቶ፥ የአገርን ኤኮኖሚና የነዋሪን ዕረፍት ማመዛዘን በብዙው ለመንግሥት የተተወ ነው በማለት የፊተኛውን ፍርድ ለወጠ። በአንድ ነገር ላይ ግን ነዋሪዎቹን ደገፈ፤ በአገራቸው ዳኞች ፊት አቤቱታቸው በሚገባ የሚመረመርበት መንገድ አላገኙም ሲል ፈረደ። እንቅልፉን ያጣ ሰው ሁልጊዜ ላይረታ ይችላል፤ የሚሰማው ዳኛ ግን ማግኘት አለበት ማለት ነው።

ነገሩ የምቾት ብቻ ነው የሚል ቢኖር የሕፃናቱን ጕዳይ ይመልከት። በእንግሊዝ፥ በሆላንድና በስፔን በትልልቅ ማረፊያዎች ዙሪያ በሚገኙ 89 ትምህርት ቤቶች ዕድሜያቸው ዘጠኝና ዐሥር ዓመት የሆኑ 2,844 ልጆች ተመርምረው ነበር። በ2005 የወጣው ውጤት፥ የአይሮፕላን ጩኸት በበዛ ቍጥር ልጆቹ ያነበቡትን የመረዳት ችሎታቸው እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው የሙኒክ ከተማ ነገር ነው። በ1992 ያ ከተማ አሮጌውን ማረፊያ ዘግቶ በሌላ ስፍራ አዲስ ሲከፍት፥ ሊቃውንት በሁለቱም ቦታ ያሉትን ልጆች ከለውጡ በፊትና በኋላ መረመሩ። ጩኸቱ በተወላቸው መንደር የልጆቹ የማንበብና የማስታወስ ችሎታ ታደሰ፤ ጩኸቱ በመጣባቸው መንደር ደግሞ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቅርንጫፍም በ2018 ባወጣው መመሪያ፥ ለጤና ሲባል የአይሮፕላን ድምፅ ለማታና ለሌሊት ተጨማሪ ክብደት ተሰጥቶት በሚሰላው የሙሉ ቀን አማካይ ከ45፥ በሌሊት ብቻ ደግሞ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል።

ከአራቱ መንገዶች ያልተናገርሁበት አንድ ቀርቶኛል፤ እርሱም መሬት ነው። በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ወደ አገራችን ስለሚያደርሰኝ ነው። በ1962 መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ሲያስመጣ፥ የልደታው ሜዳ ስለማይበቃቸው የቦሌ ማረፊያ ተሠራላቸው። ያን ጊዜ ቦሌ የከተማው ዳርቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ራሱ ተራምዶ ሄዶ ማረፊያውን በየአቅጣጫው ከበበው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከፍታዋ ቦሌ ላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ አይሮፕላን ረዥም ተንደርድሮ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በቤቶች ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ቦሌ የአህጉራት መገናኛ በመሆኑም ብዙው በረራ በማታና በንጋት ነው። አየር መንገዱ ከ2012 ጀምሮ ያስገባቸው የቦይንግ 787 ዓይነት ጸጥተኛ አይሮፕላኖች ሸክሙን አቅልለዋል፤ ቤቱን ከመንደርደሪያው የሚያርቅ ሞተር ግን የለም።

ሂዝሮው የበላው ዕዳ ይኸው ነው። ከተማው ከከበበ በኋላ ሕዝብን ማንሣት፥ መስኮት መደረብ፥ በረራን መቍጠር፥ በፍርድ ቤት መካሰስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ይፈልጋል። መሬቱ ገና ባዶ ሳለ ግን በካርታ ላይ አንድ መስመር ማስመር ብቻ ይበቃ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2024 በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ ለሚሠራው ታላቅ ማረፊያ የንድፍ ውል ተፈራርሟል። ስፍራው በዚያን ጊዜ የእርሻ አገር ነበር፤ ሂዝሮውም ማረፊያ ከመሆኑ በፊት እንዲሁ ነበር።

ስለዚህ በአሳቤ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ከመንደርደሪያዎቹ ጫፍና ጫፍ ጩኸቱ የሚደርስበት ክልል ተለክቶ በካርታ ይሠመር፤ በዚያም ክልል ውስጥ መኖሪያ ቤት፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዳይሠራ፥ መጋዘንና ፋብሪካ፥ እርሻና ደን ግን እንዲሆንበት በሕግ ይጽና። የድምፅ መቀበያዎቹ የመጀመሪያው አይሮፕላን ከማረፉ አስቀድሞ ይተከሉ፤ የፊቱ ጸጥታ ካልተመዘገበ የኋለኛው ጩኸት በምን ይነጻጸራል? መዝገቡ ለገበሬውም ለከተሜውም ክፍት ይሁን፤ አቤቱታ የሚቀበልና መልስ የሚሰጥ ሰው በስምና በስፍራ ይታወቅ። ከመሬታቸው ለሚነሡትም ካሳው በጊዜውና በሚገባ ይከፈል፤ ለጸጥታ ተብሎ የሚጠበቀው መሬት የእነርሱ ነበርና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ እውነትን ይነግረናል፤ እውነቱን ሰምተን ሕግ ካላደረግነው፥ ሕጉንም በጊዜው ካላደረግነው፥ የልጅ ልጆቻችን በመስኮታቸው በኩል ሲሰሙት ይኖራሉ። የሚበርረው ይብረር፤ የሚተኛውም ይተኛ። ሁለቱንም ማድረግ እንደሚቻል የሌሎች አገሮች ድካም አስተምሮናል።